የጥጥ ቡቃያ በጣና ዳር እንዳይበሰብስ፤ ከዘር ለቀማ እስከ ሠላሳኛው ቀን

ጥጥ የቆላ ልጅ ነው። ሙቀት ይወዳል፤ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ይጠላል። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ሌሊቷ የሚቀዘቅዝ፣ ክረምቷ ውሃ በውሃ የሆነ የወይና ደጋ ከተማ ናት። በክልላችን ጥጥ በሰፊው የሚመረተው በመተማና በቋራ ቆላ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ቢሆንም በጓሮው ወይም በመስኖ ማሳው ጠርዝ ሁለት ሦስት መደብ ጥጥ ዘርቶ ለእናቱ ፈትል፣ ለራሱ ጋቢ የሚያስብ ሰው እዚህም አለ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ይህንን የምጽፈው እንደ እኔ ላለው ሰው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የዘራሁት በሰኔ ሦስተኛ ሳምንት ነበር። ጎረቤቶቼ ዳጉሳ ሲዘሩ አየሁና "ዝናቡ ከመጣ ምን እጠብቃለሁ" አልኩ። ከሦስቱ መደቦች ሁለቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቁ። ግማሹ ፍሬ ከአፈር ሳይወጣ በሰበሰ፤ የወጣውም አንገቱን እየደፋ ወደቀ። የተረፈው ከድንጋይ አጥሩ ሥር የነበረው መደብ ብቻ ነው። ያኔ ዕድል መሰለኝ። በኋላ ስቆፍረው ግን ነገሩ ገባኝ፤ የድሮ ግንብ ፍርስራሽ ስለተደፋበት ውሃ አይቋጥርም፣ ድንጋዩም ቀን የተቀበለውን ሙቀት ማታ ይመልስለታል። ዘሩ ያው ነው፣ ዘሪውም ያው ነው፤ የተለየው አፈሩ ነበር።

የሚገድለው ማን ነው?

የቡቃያ መበስበስ፣ ባለሙያዎች "ዳምፒንግ ኦፍ" የሚሉት፣ የአንድ ፈንገስ ሥራ አይደለም። ቢያንስ አራት ወንጀለኞች አሉት፤ አንዳንዴም ተባብረው ይመጣሉ።

ፒቲየም የመጀመሪያው ነው። በትክክሉ ከተነገረ ፈንገስ ሳይሆን ለአልጌ የሚቀርብ ረቂቅ ሕይወት ነው። ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ በውሃ ውስጥ የሚዋኙ ጥቃቅን ዘሮች ይለቃሉ፤ ውሃ የተኛበት መደብ ለእርሱ ጣና ለታንኳ እንደሆነው ነው። ፍሬውን ከአፈር በታች እያለ ያበሰብሰዋል፤ የወጣውን ቡቃያ ደግሞ ግርጌውን ውሃ እንደነካው ወረቀት ያልፈሰፍሰዋል።

ራይዞክቶኒያ ከዚህ ይለያል። አፈሩ ሞቅ ሲልም ይሠራል። ምልክቱ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚታይ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማና ወደ ውስጥ የጎደጎደ ቁስል ነው። ቁስሉ ግንዱን ዙሪያውን ከከበበው ቡቃያው ይደርቃል ወይም ነፋስ ይሰብረዋል፤ ካልከበበው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይድናል። ይህ ፈንገስ የሚከርመው በቅጡ ባልበሰበሰ ገለባና ሥር ውስጥ ነው።

ታይላቪዮፕሲስ ሥሩን ከላዩ ያጠቁረዋል። ቡቃያው ብዙ ጊዜ አይሞትም፤ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ አይጨምርም፣ ባለቤቱም "ማዳበሪያ አንሶት ነው" ብሎ ይታለላል። ቀዝቃዛ አፈር ይመቸዋል፤ አፈሩ ሲሞቅ ቡቃያው አዲስ ሥር አውጥቶ ሊያገግም ይችላል። አራተኛው ፉዛሪየም ነው። ከወገኖቹ አንዱ ከሥር ተነሥቶ የግንዱን የውሃ ቧንቧ ስለሚዘጋ ቅጠሉ ከጠርዙ ቢጫ እየሆነ ይጠወልጋል። ግንዱን በምላጭ ለሁለት ስትሰነጥቁት በውስጡ ቡናማ መስመር ካያችሁ እርሱ ነው።

አራቱንም የሚያመሳስላቸው የሚበረቱት በዘገምተኛ ቡቃያ ላይ መሆናቸው ነው። በሞቀ አፈር የተዘራ ጥጥ በሳምንት ውስጥ ይወጣል። በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ግን ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ ፍሬው በጠላቶቹ ገበታ ላይ ተቀምጦ ይቆያል። ከወደቀ በኋላ የሚያነሣው መድኃኒት የለም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከመዝራት በፊት ነው።

አንደኛ፦ መሬቱን ፈትኑ

ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ማታ በውሃ ሙሉት፤ ጠዋት ውሃ ካገኛችሁበት ጥጥ አትዝሩበት። በፎገራ ሜዳ በኩል ያለው ዋልካ በዚህ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል፤ ለሩዝ የተመቸው ለዚያው ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር የተሻለ ነው።

ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠው ባሕር ሸሽ መሬት በጣም ያጓጓል፤ ለምነቱን ማንም ያውቀዋል። ለጥጥ ግን ወጥመድ ነው። ውሃው የሚሸሸው ከክረምቱ በኋላ፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወራት ስለሆነ አፈሩ በአንድ ጊዜ እርጥብም ቀዝቃዛም ይሆናል። ለጓያና ለሽምብራ ተዉት።

ባለፈው ዓመት ቲማቲም፣ በርበሬ ወይም ድንች የነበረበትን ቦታም ዝለሉ። የበርበሬ መደብ ላይ ችግኝ የሚጥለው ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የጥጡንም ቡቃያ ይጥላል። በቆሎ፣ ዳጉሳ ወይም ጤፍ የነበረበት ይሻላል፤ ገለባው ግን ቀድሞ መበስበስ አለበት። አረሙንና ቃርሚያውን ከመዝራት ቢያንስ ሦስት ሳምንት በፊት ገልብጡት። ትኩስ አረንጓዴ ነገር ቀብሮ በሳምንቱ መዝራት ለፈንገሱ ድግስ መደገስ ነው። ትኩስ ፍግም እንዲሁ። ሽታው የአፈር ሽታ እስኪሆን ያልበሰለ ብስባሽ ወደ ጥጥ መደብ አይግባ።

ውሃ የማይቋጥር መሬት ብታገኙም መደቡን ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ በመካከሉም ፈሰስ ቅደዱ። ፈሰሱ መውጫ ይኑረው። መውጫ የሌለው ፈሰስ ኩሬ ነው፤ ይህን የምለው በራሴ ሞኝነት ስለተማርኩት ነው።

ቦታው ጠባብ ከሆነና ከዚህ በፊት ቡቃያ ከሞተበት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በየካቲትና በመጋቢት፣ ፀሐዩ በሚከርበት ጊዜ፣ መደቡን አለስልሳችሁ ውሃ አጠጡት፤ ከዚያም ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ሸፍኑት። ጥቁር ፕላስቲክ ለዚህ አይሆንም። ጠርዙን ዙሪያውን በአፈር ቅበሩና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ተዉት። በውስጡ የሚታመቀው ሙቀት ከላይኛው አፈር ያለውን ጠላት ቁጥር ይቀንሰዋል። ከዚያ በኋላ በጥልቀት አትቆፍሩ፤ ከታች ያለውን ወደ ላይ ታመጡታላችሁ።

ሁለተኛ፦ ቀኑን ሳይሆን የአፈሩን ሙቀት ተከተሉ

የእኛ ሰማይ ጥጥን ያታልላል። ዝናቡ በደንብ የሚይዘው በሰኔ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ አፈሩ አይደርቅም። ሞቃቱ ወቅት ግን ከዝናቡ በፊት ያለው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። መስኖ ወይም የጉድጓድ ውሃ ያለው ሰው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይዝራ። ቡቃያው ደካማ የሆነበትን የመጀመሪያ ወር በሙቀት ያሳልፍና ዋናውን ዝናብ ግንዱ ጠንክሮ ይቀበለዋል። በዝናብ ብቻ የሚተማመን ሰው የመጀመሪያዎቹን የግንቦት ዝናቦች ይጠቀም፤ ሰኔ ከገባ ከፍ ካለ መደብ በስተቀር ባይሞክር ይሻላል።

ሙቀቱን ለማወቅ ተራ ቴርሞሜትር በቂ ነው። የትኩሳት መለኪያ ግን አይሆንም፤ ዝቅ ያለውን አያነብም። ዘሩ ከሚገባበት ትንሽ ጠለቅ አድርጋችሁ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ሰክታችሁ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንብቡ። ለሦስት ተከታታይ ጠዋት 18 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ዝሩ። በመካከል ደመና ሰፍሮ ዝናብ ከቀጠለ ቆጠራውን ከአንድ ጀምሩ። ቴርሞሜትር የሌለው እጁን ይጠቀም፤ ጠዋት እጁን ቀብሮ አፈሩ ከቀዘቀዘው ጊዜው ገና ነው።

ሦስተኛ፦ ዘሩን ልቀሙ

የጓሮ ጥጥ የሚዘራ ሰው ፍሬውን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ፣ ጥጥ ሲዳመጥ ከመዳመጫው ሥር ከሚወድቀው ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያው ነው። የብረት መዳመጫው በኃይል ሲጫኑት ፍሬውን ይሰነጥቃል። የተሰነጠቀ ፍሬ ሲረጥብ ስኳሩ ወደ አፈሩ ይፈስሳል፤ ፒቲየም ደግሞ ሽታውን ይከተላል። እናቴ ለዘር የሚሆነውን ለብቻው፣ በእጇ ጣት እየፈለቀቀች ታስቀምጠዋለች። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ለሦስት መደብ የሚበቃው ሁለት ምሽት አይፈጅም።

የተሰነጠቀውን፣ የተሸበሸበውን፣ ነፍሳት የበሱትን፣ ሻጋታ የነካውን አውጡ። ብዙዎች ዘሩን ውሃ ውስጥ ጥለው "የተንሳፈፈው ገለባ ነው" ይላሉ። ይህ ለባቄላ ይሠራ ይሆናል፤ ፀጉራም የጥጥ ፍሬ ግን በፀጉሩ ውስጥ አየር ስለሚይዝ ደህናውም ይንሳፈፋል። መጀመሪያ ፍሬውን በእርጥብ አመድና በደቃቅ አፈር አሽታችሁ ፀጉሩን አጣብቁት። ይህ ፍሬው እርስ በርሱ እንዳይያያዝም ይረዳል፤ ከዚያም በጥላ አድርቁት። ፋብሪካዎች ፀጉሩን በአሲድ ያቃጥሉታል። ያንን በቤት የሚሞክር ሰው ዓይኑን ሊያጣ ይችላል፤ በጭራሽ አትሞክሩት።

ቀጥሎ አንድ መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ሞቅ ካለ ቦታ፣ ለምሳሌ ከምድጃ አጠገብ አኑሩት። በአራተኛው ቀን ገልጣችሁ ቁጠሩ፤ ቀሪውን እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ጠብቁ። 80 እና ከዚያ በላይ ጤናማ ቡቃያ ካወጣ ጥሩ ነው። በዚያው ጊዜ ሌላ መቶ ፍሬ በሌላ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ አስቀምጡ። ከምድጃው ዳር 85 በቅሎ ከቀዝቃዛው 40 ብቻ ከወጣ ዘሩ ሕያው ነው፤ ጉልበት ግን የለውም፤ በእኛ አፈር አይዘልቅም። ይህቺ ሁለተኛዋ ጨርቅ ከመጀመሪያዋ ይልቅ እውነት ትናገራለች።

አራተኛ፦ ዘሩን ማከም

የተፈተነ መደብና ጠንካራ ዘር ያለው ሰው በሞቀ አፈር ከዘራ ያለ መድኃኒትም ሊወጣው ይችላል። በሽታ የታየበት ቦታ ከሆነ ግን ዘርን ማከም ብልህነት ነው። እዚህ ላይ መድኃኒቱንና ጠላቱን ማገናኘት ያስፈልጋል። ሜታላክሲል ፒቲየምን ይከላከላል፤ ራይዞክቶኒያን አይነካውም። ቲራምና ካርቦክሲን ወደ ራይዞክቶኒያና ወደ ሌሎቹ እውነተኛ ፈንገሶች ያደላሉ። ስለዚህ ለዘር ማከሚያ የሚሸጡ ብዙ ምርቶች ሁለት ሦስት ንጥረ ነገር ያጣምራሉ። አንድ ጎረቤቴ ለድንች ምች የገዛውን ሜታላክሲል ያለበት መድኃኒት በወደቀ የጥጥ ቡቃያ ላይ ረጨው። ግንዱን ሳየው ቀይ ቡናማ ቁስል ነበረበት፤ በሽታው ራይዞክቶኒያ ነበር። ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ቀረ።

መጠኑን ከመያዣው ጽሑፍ ውሰዱ፤ በማንኪያ ግምት አይደለም። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፤ ክዳን ባለው አሮጌ ጀሪካን ውስጥ ዘሩንና መድኃኒቱን ጨምራችሁ ቀለሙ እኩል እስኪዳረስ አንከባልሉት። ያ ጀሪካን ዳግመኛ ውሃ አይቀዳበትም። የታከመ ዘር ለከብትም ለዶሮም አይሰጥም፤ ዘይትም አይጨመቅበትም። የዕቃው እጥበት ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ቦዩ አይፈስስ።

አምስተኛ፦ መዝራት

ከመዝራት ሁለት ሦስት ቀን በፊት መደቡን በደንብ አጠጡት፤ ላዩ ጠፈፍ ሲል ዝሩ። ከዚያ ቡቃያው እስኪወጣ ውሃ አትጨምሩ። በጎረቤት ዓይን ሰነፍ ትመስሉ ይሆናል፤ ግድ የለም።

ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በጠለቀ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል፤ መንገዱ ሲረዝም በሽታው ይደርስበታል። በመሥመሮች መካከል 80፣ በቡቃያዎች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ተዉ። በየጉድጓዱ ሦስት ፍሬ ጣሉ፤ ሦስት ሆነው ሲገፉ የደረቀውን የአፈር ቅርፊት በቀላሉ ይሰብሩታል። ከባድ ዝናብ መጥቶ ላዩ ከጠነከረ በእንጨት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ፈርክሱት።

ገለባ ማልበስን ለጊዜው አቆዩት። በተለይ ከሐይቁ ዳር የተሰበሰበ ትኩስ እምቦጭ ቡቃያው ግርጌ አታስቀምጡ። እርጥበቱን እንደ ስፖንጅ ይይዛል፤ ግንዱ የሚደርቅበት ጊዜ አያገኝም።

ስድስተኛ፦ ሠላሳ ቀን መከታተል

ቡቃያው ከወጣ በኋላ በየሁለት ቀኑ ጠዋት በመሥመሩ ሂዱ። የወደቀ ካገኛችሁ አትጎትቱት፤ ሥሩ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። በማንኪያ ዙሪያውን ቆፍራችሁ አንሡት፤ በውሃ አለቅልቁት፤ ከዚያ ከላይ ከተጻፉት አራት ምልክቶች ጋር አስተያዩት። ግንዱ በቢላዋ እንደተቆረጠ ጥርት ብሎ ከተቆረጠና አጠገቡ አፈር ውስጥ የተጠቀለለ ትል ካገኛችሁ ቆራጭ ትል ነው፤ ፈንገስን አትክሰሱ።

ከተጠራጠራችሁ ከሞተው ሳይሆን መታመም ከጀመረው አምስት ስድስት ቡቃያ ከነአፈሩ አንሡ። ሳታጥቡ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ በዚያው ቀን የዕፅዋት ጤና ባለሙያ ዘንድ አድርሱ። በፕላስቲክ ታፍኖ ፀሐይ ላይ የዋለ ናሙና ለማንም አይጠቅምም፤ ሁሉም ነገር በስብሶ ይደርሳል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መንገዱን ያሳያችኋል።

በሽታው ከተረጋገጠ ውሃ ማጠጣቱን አቁሙ፣ ፈሰሱን ጥረጉ፣ አፈሩን በጥንቃቄ ኮትኩታችሁ አየር አስገቡ። የታመመውን ከነአፈሩ ነቅላችሁ ከማሳው አውጡ፤ ወደ ብስባሹ ክምር አትጨምሩት። ቀጭጯል ብላችሁ ዩሪያ አታብዙበት፤ ሥር የሌለው ቡቃያ አይበላውም።

ከባዱ ጥያቄ ገልብጦ እንደገና መዝራት ወይስ መተው የሚለው ነው። በየመሥመሩ አሥር ቦታ ላይ አንድ አንድ ሜትር ለክታችሁ ጤናማዎቹን ቁጠሩ። በሜትር ሦስት ያህል ከቀሩና ከተበታተኑ ተዉት፤ ጥጥ ቦታ ሲያገኝ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ክፍተቱን ይሞላል። አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ባዶ የሆኑ ቦታዎች በብዛት ካሉ ግን ቀኑን እዩ። ግንቦት ከሆነና አፈሩ ከጠፈፈ ባዶውን ቦታ ብቻ ሙሉ፤ ሰኔ ከሆነ በቆሎ ወይም ጎመን ዝሩበትና ጥጡን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።

ከፍሬው ጋር ከሚወጡት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ሌላ አራትና አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣና የግንዱ ግርጌ በጥፍር ሲጫኑት የማይልም ሲሆን ዋናው አደጋ አልፏል። ያኔ በየጉድጓዱ አንድ ብቻ እንዲቀር አሳሱ፤ ትርፉን በመቀስ ቁረጡ እንጂ አትንቀሉ፤ የጎረቤቱ ሥር ይቆስላል።

ጥጡ ከተለቀመ በኋላ

ግንዱን ቆርጦ ሥሩን መተው የተለመደ ነው፤ ለማገዶም ይመቻል። ሆኖም ለፈንገሱ የክረምት ቤት የምትሠሩለት በዚያ ነው። ከነሥሩ ንቀሉና ሥሩንም ለማገዶ አድርቁት። በዚያ መደብ ለሁለት ዓመት በቆሎ፣ ዳጉሳ ወይም ጤፍ አዙሩበት። ተልባ የምትዘሩ ከሆነ ከዚህ መደብ አርቁት፤ ራይዞክቶኒያ የተልባንም ቡቃያ ይገድላል። የተልባም ፍሬ በውቂያ ጊዜ ቆዳው ከተሰነጠቀ እንደ ጥጡ ፍሬ በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ቡቃያ የሞተባቸውን ቦታዎች በእንጨት ምልክት አድርጉባቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ስትቆፍሩ ከሌላው ቦታ ሁሉ በኋላ ቆፍሯቸው። ዶማውም ከዚያ ወጥቶ ወደ ሌላ መደብ ከመግባቱ በፊት ጭቃው ተፍቆ ይታጠብ።